የጤና መረጃ ሥርዓት ለማሠራት የትኛው የቴክኒክ አካሄድ ያዋጣል? ለሰሜን ሸዋ ወረዳዎችና ሆስፒታሎች የንጽጽር መመሪያ

ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ውስጥ «ሲስተም እናሠራ» የሚል ሐሳብ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «የቱን ሶፍትዌር?» የሚል ነው። አንዱ የጤና ሪፖርት መሰብሰቢያውን ሶፍትዌር ዲኤችአይኤስ 2ን ያነሳል። ሌላው አዲስ አበባ የሚያውቀው ካምፓኒ አለ። ሦስተኛው ደግሞ «የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በነጻ ይሠሩልናል» ይላል። ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ስብሰባው ይበተናል። ሥራው በምን አካሄድ እንደሚሠራ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

እዚህ የማነጻጽረው ያንን የተዘለለውን ነገር ነው። ፍላጎቱ መቼ ተጽፎ ይዘጋል? ማን ይፈትሻል? ዕቃና መስመር መቼ ይገባል? «ተረክቤያለሁ» ብሎ ለመፈረም ምን መታየት አለበት? በፕሮጀክት ሰነድ ላይ የቴክኒክ ሂደት ዕቅድ የሚባለው ክፍል ይህን ሁሉ ይይዛል። ብዙ ጊዜ ከሌላ ሰነድ ተገልብጦ የሚገባውም እሱ ነው።

ቦታው ሰሜን ሸዋ ነው፤ መቀመጫው ደብረ ብርሃን የሆነው የአማራ ክልል ዞን። ለሸዋ ሮቢት የሚያዋጣ አካሄድ ለመሐል ሜዳ ላያዋጣ ይችላል።

መጀመሪያ መለኪያዎቹ

አማራጮቹን ከመዘርዘሬ በፊት በምን እንደምንመዝናቸው እንስማማ።

የመጀመሪያው መስመርና መብራት ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በደሴው መንገድ ላይ ያለ ከተማ ነው። እዚያ ያለ ቢሮ ኔትወርክ ሲቆራረጥበት ያማርራል። ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ መንዝ ስትገቡ፣ ወይም በለሚ በኩል የጀማን ሸለቆ ወርዳችሁ ዓለም ከተማ ስትወጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጤና ኬላ ስትደርሱ መብራቱም ያጠራጥራል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መክረሙም አይረሳም። ባንክ ሄደን «ሲስተም የለም» ስንባል ነገ እንመለሳለን። ምጥ የያዛት እናት ነገ ተመለሺ አትባልም። «ኢንተርኔት አለ» ብሎ የሚነሳ ዕቅድ ከመነሻው ጎዶሎ ነው።

ሁለተኛው የለውጥ ብዛት ነው። የጤና አመልካቾች ይከለሳሉ፣ ቅጽ ይቀየራል፣ ዓምድ ይጨመራል። በሽታም ቦታ ይመርጣል። ሸዋ ሮቢትና ቀወት ቆላ ናቸው፣ ወባ የየዓመቱ ሥራ ነው። መንዝ ደጋ ላይ ያለ ጤና ጣቢያ ቅድሚያው ሌላ ነው። ተፈናቃይ የተጠለለበት ከተማ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ደብረ ብርሃን ላይ አገልግሎት የሚያገኘው ሰው ቁጥር ከሕዝብ ትንበያው ጋር አይገጥምም። አካፋዩ ትንሽ፣ ተካፋዩ ትልቅ ይሆንና የክትባት ሽፋን ከመቶ በላይ ይወጣል። ሥርዓቱ ይህን ማስተካከያ ያለ ፕሮግራመር እጅ መቀበል አለበት።

ሦስተኛው ከአገሪቱ ሥርዓት ጋር መግባባት ነው። ጤና ሚኒስቴር ዲኤችአይኤስ 2ን በ2010 ዓ.ም. አካባቢ በአገር ደረጃ ሥራ ላይ አውሏል። የየተቋሙ ወርሃዊ ሪፖርት የሚገባው እዚያ ነው። እናንተ የምታሠሩት ነገር ከዚህ ጋር ካልተናበበ ያው ባለሙያ ያንኑ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይጽፋል። ሁለት ጊዜ የተጻፈ ቁጥር ደግሞ ሁለት ዓይነት ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። የጤና ሪፖርት ወር ከ21 እስከ 20 ነው። የመስከረም ሪፖርት ከነሐሴ 21 ተነስቶ እስከ መስከረም 20 ይሄዳል። ጳጉሜን መሐል ትገባለች። 10 የነሐሴ፣ 5 የጳጉሜን፣ 20 የመስከረም ሲደመር 35 ቀን ነው። ጳጉሜን 6 ስትሆን 36። ይህን ያልነገሩት ፕሮግራመር የሠራው ግራፍ በየዓመቱ መስከረም ላይ ጉብ ይላል። አለቃው «ምን መጣብን?» ብሎ ይደነግጣል። የመጣ ነገር የለም፣ ቀኑ ነው የበዛው።

አራተኛው የገንዘቡ አወጣጥ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ጨረታ ወጥቶ፣ ተገምግሞ፣ ውል እስኪታሰር ወራት ይሄዳሉ። የእርዳታ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ የራሱ የጊዜ ገደብ አለው። አንዳንድ አካሄድ ከዚህ ጋር ይጣጣማል፣ አንዳንዱ ይጋጫል።

አምስተኛው ማን ይቀራል የሚለው ነው። አማካሪው ይሄዳል። የሠለጠነው ኤችአይቲም (የጤና መረጃ ባለሙያው) የተሻለ ደመወዝ ሲያገኝ ወይም ሲዛወር ይሄዳል። በሄደ ማግሥት ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው አለ? አዲስ አመልካች ሲመጣ ቅጹ ላይ የሚጨምር አለ?

ስድስተኛው የታካሚ ምስጢር ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃን ከጥብቅ መረጃዎች ይመድበዋል። የኤችአይቪ ውጤት ያለበት ኤክሴል በቴሌግራም ሲላክ ያየ ሰው ይህ ለምን መለኪያ እንደሆነ አይጠይቅም።

ስድስቱ እኩል አይመዝኑም። እኔ አምስተኛውን አስበልጣለሁ። መስመር ይቀጠላል፣ ገንዘብ ይለመናል። የሚረከብ ሰው የሌለው ሥርዓት ግን ያረጃል፣ ከዚያ ይጠፋል።

አንደኛው አማራጭ፦ ሁሉን ጽፎ፣ ሁሉን ሠርቶ፣ አንዴ ማስረከብ

ዋተርፎል የሚባለው ነው። ፍላጎት ይሰበሰባል፣ ሰነድ ይፈረማል፣ ንድፍ ይሠራል፣ ኮድ ይጻፋል፣ ይፈተሻል፣ ርክክብ ይደረጋል። አንዱ ደረጃ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም። ዊንስተን ሮይስ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ የተለመደ ሥዕል ነው። የሚገርመው እሱ ራሱ በአንድ ምት ብቻ መሄድ አደገኛ መሆኑን እዚያው ጽፏል። ሥዕሉ ተወሰደ፣ ማስጠንቀቂያው ቀረ።

ጥሩ ጎኑ ለውል ይመቻል። ስንት ብር፣ ስንት ወር፣ ምን ዕቃ የሚለው ከመነሻው ይታወቃል። ፋይናንስም ኦዲትም ይወዱታል። ክፍያ በደረጃ ይቆረጣል። አራተኛው መለኪያ ላይ የሚወዳደረው የለም።

ችግሩ ሁለተኛው መለኪያ ላይ ነው። የነፍሰ ጡር እናቶችን ክትትል ውሰዱ። የዓለም ጤና ድርጅት ቀድሞ ቢያንስ 4 ጉብኝት ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 8 አሳደገው። በቀድሞው ሰነድ መሠረት አራት ሣጥን ያለው ቅጽ በኮድ ያሠራ ሰው አምስተኛውን የሚያስገባበት ቦታ የለውም። ለማስተካከል አዲስ ውል ይጠየቃል። አዲስ ውል ማለት አዲስ ጨረታ ነው። እስከዚያው ነርሷ አምስተኛውን ጉብኝት «አስተያየት» የሚለው ሣጥን ውስጥ ትጽፋለች። እዚያ የተጻፈ ነገር ደግሞ አይደመርም።

ትልልቅ አገሮችም በዚህ መንገድ ተጎድተዋል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረችውን ብሔራዊ የጤና ኮምፒውተር ፕሮግራም በ2011 እንዲበተን ወስናለች፤ ቢሊዮኖች ፓውንድ ከወጣበት በኋላ። ምክንያቱ ብዙ ነው። ከላይ ተወስኖ ወደ ታች የወረደ አንድ ወጥ ዕቅድ መሆኑ ግን ከዋነኞቹ አንዱ ነበር።

ታዲያ ለምን ይጠቅማል? ለማይለወጥ ነገር። የኔትወርክ ገመድ መዘርጋት፣ የሰርቨር ክፍል ማዘጋጀት፣ ጤና ኬላ ላይ ሶላር መትከል። ይህን በዋተርፎል ሥሩት። ሶላር ፓነል በየሁለት ሳምንቱ አይከለስም።

ሁለተኛው አማራጭ፦ በአጭር ዙር እየሠሩ እያሳዩ መሄድ

አጃይል ነው፤ በተለይ ስክረም የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ2001 አሥራ ሰባት የሶፍትዌር ሰዎች ዩታ ውስጥ ተሰብስበው ባወጡት መግለጫ ስሙ ተስፋፋ። አንድ ዙር ከአንድ ወር አይበልጥም። በየዙሩ መጨረሻ የሚሠራ ነገር ለተጠቃሚው ይታያል፣ አስተያየት ይወሰዳል፣ የሚቀጥለው ዙር በዚያ ይታቀዳል።

ወረቀት ላይ ለጤና የተፈጠረ ይመስላል። ለውጡን ይቀበላል፣ ስሕተቱን ቶሎ ያሳያል። ወረርሽኝ ሲመጣና በሳምንት ውስጥ አዲስ ቅጽ ሲያስፈልግ ከዚህ የተሻለ አካሄድ የለም።

እዚህ አገር ሲመጣ ግን ሦስት ቦታ ያነክሳል።

አንደኛ፣ ተጠቃሚው አይገኝም። አካሄዱ የሚቆመው ሥራውን የሚያውቅ ሰው በየዙሩ ቁጭ ብሎ ሲያይ ነው። የጤና ጣቢያ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነርሷን «ይህን ስክሪን እስቲ እዪልኝ» ብትሏት ትስቅባችኋለች። ወረፋው በሩን አልፏል። ለዚህ ሰዓት በዕቅዱ ላይ ካልተያዘላት፣ ኃላፊዋም ካልፈቀደ፣ አስተያየት የሚሰጠው ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው ይሆናል። መዝገብ የማይሞላ ሰው ስለ መዝገብ አስተያየት ይሰጣል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ውሉ አይፈቅድም። «ምን እንደምናገኝ እየሄድን እናያለን» የሚል ውል ግዥ ክፍል ይዛችሁ ግቡና ሞክሩት።

ሦስተኛ፣ ለውጥ ራሱ ዋጋ አለው። በየሁለት ሳምንቱ ስክሪኑ የሚቀያየር ከሆነ ሥልጠናው አያልቅም። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ላለ ሰው ትንሽ ነገር ነው። ሞላሌ ያለውን ባለሙያ እንደገና ለማሠልጠን ግን መኪና፣ አበልና ሁለት ቀን ይጠይቃል።

ሦስተኛው አማራጭ፦ ያለውን መድረክ ወስዶ ማዋቀር

ከዜሮ ኮድ አይጻፍም። የተሠራ፣ የተፈተነ፣ ምንጩ ክፍት የሆነ ሥርዓት ይወሰድና በቅንብር ለአካባቢው ይስማማል። ለድምር ሪፖርት ዲኤችአይኤስ 2 አለ፤ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ነው። አሁን ያለው የድረ ገጽ ቅርጹ እ.ኤ.አ. በ2006 ሕንድ ኬረላ ውስጥ ሥራ ጀመረ። ለሆስፒታል የታካሚ መዝገብ ደግሞ ባህምኒ አለ። እሱ ኦፕንኤምአርኤስን ለታካሚ ካርድ፣ ኦፕንኤሊስን ለላቦራቶሪ፣ ኦዱን ለሒሳብና ለክምችት አጣምሮ የያዘ ነው። ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የቤተሰብ ፎልደሩን (የየቤተሰቡን የጤና መዝገብ) ወደ ታብሌት ያመጣው ኢሲኤችአይኤስም ከሚኒስቴሩ በኩል አለ።

ከሦስተኛው መለኪያ አንጻር ሲታይ አንደኛ ይወጣል። የአገሪቱን ቋንቋ አስቀድሞ ይናገራል፤ ዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ይቀበላል፣ የአንድሮይድ አፑም ኔትወርክ በሌለበት መዝግቦ ሲገኝ ይልካል። አምስተኛው መለኪያ ላይም ጥሩ ነው። አንዱ ባለሙያ ቢሄድ ሌላ ወረዳ የሠራበት ሰው ይገኛል። አንድ ካምፓኒ ብቻ በሚያውቀው ሶፍትዌር ይህ የለም።

ግን «ነጻ ነው» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ስሙት። ነጻ የሆነው ፈቃዱ ነው። ሰርቨር ይገዛል፣ ሥልጠና ይከፈላል፣ በየጊዜው ወደ አዲስ ቅጂ ማሳደግ የሰው ጉልበት ይጠይቃል።

ትልቁ ፈተና የሚመጣው መድረኩ የማያደርገውን አንድ ነገር አለቃ ሲፈልግ ነው። ፕሮግራመሩ ውስጠኛውን ኮድ ከፍቶ ይቀይራል። አለቃው ደስ ይለዋል። ከዓመት በኋላ አዲስ ቅጂ ሲወጣ ግን ያ ለውጥ አብሮ አይሄድም። ማሳደግ ይፈራል፣ ተቋሙ አሮጌው ላይ ይቀራል፣ የደህንነት ቀዳዳውም አብሮት ይቀራል። መድረክ የተውሶ ልብስ ነው። ታጥፋላችሁ፣ ታስጠብባላችሁ፤ መቀስ አታሳርፉበትም።

የአማርኛ ስም ፍለጋም ከመድረኩ ጋር የማይመጣ፣ ራሳችሁ የምታስቡበት ነገር ነው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «ፀሐይ» ብላ ትመዘግባለች። በሚቀጥለው ጊዜ የገባው ባልደረባዋ «ጸሀይ» ብሎ ይፈልጋል። የለችም ይላል። አዲስ ካርድ ይወጣል። አንድ ሰው ሁለት ታካሚ ሆነ። ኃይሌና ሃይሌ፣ ሠናይትና ሰናይትም እንደዚሁ ናቸው። ፍለጋው ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ እንዲቆጥር ማድረግ ይቻላል፤ ግን ዕቅዱ ላይ ካልተጻፈ ማንም አይሠራውም። በላቲን ፊደል እንመዝግብ የሚል መፍትሔ የሚያመጣም አለ። ያ ደግሞ ይብሳል፤ አንዱን ስም እያንዳንዱ ሰው በራሱ መንገድ ይጽፈዋል።

አራተኛው አማራጭ፦ ቅይጡ

የማይለወጠውን ቆልፎ የሚለወጠውን በዙር መሥራት ነው። መሠረቱ ብዙ ጊዜ ሦስተኛው አማራጭ ይሆናል፤ አስቀድሞ የተሠራ መድረክ። በላዩ ላይ ውሉ እንደ አንደኛው፣ የዕለት ሥራው እንደ ሁለተኛው ይሄዳል። በእኔ ግምት ለዚህ ዞን አብዛኛው ፕሮጀክት የሚያዋጣው ይህ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ከሥራው በፊት የሚቆለፉ ነገሮች አሉ። የታካሚ መለያ ቁጥር አሰጣጥ፣ የተቋማት ስምና ኮድ ዝርዝር፣ የሪፖርት ወሩ፣ የእያንዳንዱ አመልካች ትርጉም፣ ማን ምን ማየት ይችላል የሚለው፣ የባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ሥርዓት። እነዚህ መሐል መንገድ ላይ ከተቀየሩ የገባው ዳታ ሁሉ ይበላሻል። ሁለት ሦስት ሳምንት ይፍጅ፣ ይጨቃጨቁበት፣ ይፈረም። ከዚያ በኋላ ቁልፉ የሚከፈተው በኮሚቴ ብቻ ነው።

በዙር የሚሠሩት ቅጾች፣ የስክሪን አቀማመጥ፣ የሪፖርት ሰንጠረዦች፣ የቀጠሮ ማስታወሻዎች ናቸው። እነዚህ ተሞክረው ነው የሚታወቁት።

ዙሩን ከሪፖርት ወሩ ጋር አጋጥሙት። አንድ ዙር አንድ የሪፖርት ወር ይሁን። ያን ጊዜ በየዙሩ መጨረሻ እውነተኛ ፈተና አላችሁ፦ 20 ላይ ወሩ ሲዘጋ ሥርዓቱ ያወጣው ቁጥርና ከመዝገቡ በእጅ የተቆጠረው ይገጥማሉ? ልብ በሉ፣ ከ20 በኋላ ባሉት ቀናት ከኤችአይቲዎች ጋር የስብሰባ ቀጠሮ አትያዙ። ሪፖርት ላይ ናቸው፣ ቀና የሚሉበት ጊዜ የላቸውም። ማሳያውንና ውይይቱን ወሩ ሲገባ አድርጉት።

በምሳሌ እንየው። አንድ ጤና ጣቢያና ሥሩ ያሉ አምስት ጤና ኬላዎች የእናቶችን ክትትል ሊያዘምኑ ነው እንበል። በመጀመሪያው ዙር ምዝገባ ብቻ ይሠራል፣ ያውም ጤና ጣቢያው ላይ። አዋላጇ ሰዓት ተሰጥቷት ትሞክረዋለች። የመጨረሻ የወር አበባ ቀንን ስታስገባ ሥርዓቱ የፈረንጅ ካላንደር እንደሚያወጣ ያን ጊዜ ይታያል። በሁለተኛው ዙር ይህ ይታረማል፣ የቀጠሮ ዝርዝርም ይጨመራል። ከቀጠሮ የቀሩ እናቶች ስም በየቀበሌው ተለይቶ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይወጣል። ሦስተኛው ዙር ሁለት ጤና ኬላ ያስገባል፤ አንዱ ኔትወርክ ያለው፣ አንዱ የሌለው። ሁለቱም ቅርብና ምቹ የሆኑትን መምረጥ ራስን ማታለል ነው። ከዚያ የቀሩት ይከተላሉ።

ውሉስ? ጠቅላላው ዋጋና የዙሩ ቁጥር ይቆረጣል። በየዙሩ የሚሠራው ዝርዝር ግን በዙሩ መጀመሪያ በሁለቱ ወገን ፊርማ ይወሰናል ተብሎ ይጻፋል። ክፍያው የሚለቀቀው የዙሩ ፈተና ሲታለፍ ነው። ግዥ ክፍል መጀመሪያ ፊቱን ያጠቁር ይሆናል። ዋጋው የተቆረጠ መሆኑን ሲያይ ይለዝባል።

ድካሙ ደግሞ እዚህ አለ፦ ከእናንተ ወገን ቋሚ ባለቤት ይፈልጋል። ከሥራው ቢያንስ ግማሹን ጊዜ ለዚህ የሚሰጥ ሰው። ያ ሰው ከሌለ ቅይጥ ማለት ዝርክርክ ማለት ይሆናል።

አራቱ ጎን ለጎን

| መለኪያ | 1. አንዴ ማስረከብ | 2. አጭር ዙር | 3. የተሠራ መድረክ | 4. ቅይጥ |
|---|---|---|---|---|
| መስመርና መብራት ሲጠፋ | በሰነዱ ከተጻፈ ብቻ | ቶሎ ይታያል፣ ቶሎ ይታረማል | ከመስመር ውጪ የሚሠራ አፕ ካለው ጥሩ | ጥሩ፤ በየዙሩ ይፈተናል |
| ለውጥ መቀበል | ደካማ | በጣም ጥሩ | ቅጽ ላይ ጥሩ፣ ከዚያ ያለፈ አስቸጋሪ | ጥሩ |
| ከአገሪቱ ሥርዓት ጋር | እንደ ሠሪው | እንደ ሠሪው | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ፣ መድረክ ላይ ከቆመ |
| ጨረታና ውል | በጣም ቀላል | አስቸጋሪ | መካከለኛ | መካከለኛ፤ ውሉ አስቦ ይጻፋል |
| ሰው ሲለቅ | በአንድ ካምፓኒ እጅ ይቀራል | ሰነድ ስለሚያንስ ያሰጋል | ተተኪ ይገኛል | ባለቤት ከተመደበ ጥሩ |
| የታካሚ ምስጢር | በንድፉ ላይ ከገባ ጥሩ | በችኮላ ሊዘለል ይችላል | ማን ምን ያያል የሚለው ደረጃ ተሠርቶ ይመጣል | ቀድሞ ይቆለፋል |
| መነሻ ወጪ | ከፍተኛ | መካከለኛ፣ መጨረሻው አይታወቅም | ዝቅተኛ | መካከለኛ |

ሰርቨሩ የት ይቀመጥ?

የትኛውንም አካሄድ ብትመርጡ ይህ ጥያቄ ይመጣል። ግቢ ውስጥ የተቀመጠ ሰርቨር ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል፤ ለሆስፒታል ይህ ወሳኝ ነው። ግን ዩፒኤስ፣ ጀነሬተር፣ የሚቆለፍ ክፍልና የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። በማዕከል የተቀመጠው ጥበቃው የተሻለ ነው፣ መስመር ከጠፋ ግን አይኑን አታዩትም። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ በዘለቀ ጊዜ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ሰርቨሩ ግቢ ውስጥ ብቻ፣ ባክአፑም እዚያው ጎኑ ከሆነ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ለሆስፒታል፦ ሰርቨር በግቢ፣ የተመሰጠረ ባክአፕ ሌላ ከተማ። ለወረዳ፦ ማዕከላዊ ሰርቨርና ከመስመር ውጪ የሚመዘግብ ታብሌት። የራሱን ሰርቨር የሚገዛ ወረዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ራስ ምታት ነው።

የርክክብ ፈተና

ብዙ ፕሮጀክት የሚረከበው በፓወር ፖይንት ነው። ፕሮጀክተር ይበራል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይፈረማል። ከዚያ ይልቅ ውሉ ላይ እነዚህን አስገቡ።

አንድ፣ ገመዱን ንቀሉ። ኢንተርኔቱን አቋርጣችሁ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይመዝገብ። ማታ ሲመለስ የገባው ሁሉ ሳይደገምና ሳይጎድል ደረሰ?

ሁለት፣ ወረቀቱንና ኮምፒውተሩን ጎን ለጎን ለሁለት የሪፖርት ወር አስኪዱ። የባለሙያውን ሥራ ያበዛል፣ ያማርራሉ፣ ልክም ናቸው። ከሁለት ወር በላይ ግን አታስኪዱት። ያኔ ወረቀቱ ያሸንፋል።

ሦስት፣ በዳታ ጥራት ማረጋገጫ የለመድነውን አሠራር ተጠቀሙ፦ 12 የመረጃ ነጥቦች በዕጣ አውጥታችሁ ከመዝገቡ ጋር አመሳክሩ። አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም።

አራት፣ ባክአፑን መልሳችሁ ጫኑ። «ባክአፕ አለን» ከሚለው ብዙው መልሶ ጭኖ አያውቅም።

እንግዲህ የቱን?

ገንዘብም ሰውም የሌለው ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ከሆናችሁ አዲስ ሥርዓት አታሠሩ። ከሚኒስቴሩ የመጣው ዲኤችአይኤስ 2 ውስጥ ያልነካችሁት ብዙ ነገር አለ። ዳሽቦርዱን በወረዳችሁ ቅድሚያ አዋቅሩት፤ ቀወት ወባውን በቀበሌ፣ ሌላው የራሱን። ያላችሁን ትንሽ ብር ለዩፒኤስ፣ ለዳታ ካርድና ለአፈጻጸም ግምገማ ስብሰባ አውሉት።

የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከሆናችሁና ካርድ ክፍሉ በፋይል ከተጨናነቀ ሦስተኛው ይሻላል፤ ባህምኒን የመሰለ መድረክ፣ ሰርቨር በግቢ። ሁሉንም ክፍል በአንድ ቀን አታስገቡ። ከካርድ ክፍልና ከአንድ ተመላላሽ ክፍል ጀምሩ። ላቦራቶሪው ሲቀጥል ሐኪሙ ራሱ ይጠይቃችኋል፣ ምክንያቱም ውጤት ፍለጋ ታካሚ መላክ ይሰለቻል። የሒሳብና የክምችት ክፍሉን ወደ ኋላ አቆዩት። እዚያ የሚነሳው ክርክር የቴክኒክ አይደለም።

ዞን መምሪያ ወይም የአንድ ሁለት ዓመት ገንዘብ የያዘ ድርጅት ከሆናችሁ ቅይጡን ውሰዱ። ከመጀመሪያው ቀን የሚረከበውን የመንግሥት ባለሙያ በስም መድቡ፣ ተተኪውንም አብራችሁ። ከጠቅላላው በጀት ደህና ድርሻ ሥርዓቱ ሥራ ከጀመረ በኋላ ላለው ጊዜ ይቀመጥ። ለጋሾች ይህን መስመር ማየት አይወዱም። ተከራከሩ።

ወረርሽኝ ላይ ካላችሁ ስለ አካሄድ አታንብቡ፤ አጭር ዙር ነው። ቅጹን ዛሬ ሠርታችሁ ነገ አርሙት። ሳምንታዊው የድንገተኛ ጤና ሪፖርት ግን በነበረበት መንገድ ይቀጥል፤ አዲሱ ቅጽ እሱን አይተካም።

ሶላር፣ ገመድ፣ ሰርቨር ክፍል ብቻ ከሆነ አንደኛው። ከሶፍትዌሩ ውል ለዩት፣ ቀድሞም ይለቅ። ሶፍትዌሩ ደርሶ መብራት የሚጠብቅበት ጤና ኬላ በሕግ የተከለከለ ያህል ቁጠሩት።

ተማሪዎችንስ? ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በከተማው አለ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚፈልጉ ልጆችም አሉ። ለናሙና፣ ለፍላጎት ጥናት፣ የስም ፍለጋውን ችግር ለመፍታት ግሩም ናቸው። ሰኔ ላይ እንደሚመረቁና እንደሚሄዱ ግን አስባችሁ ሥራ ስጧቸው። የእውነተኛ ታካሚ ስም ያለበት ዳታ ወደ ተማሪ ላፕቶፕ አይገባም። በፈጠራ ስም ይሞክሩት።